አርጆ ያለው በገና

ሠርፀ ጓዳ ውስጥ በተሰቀለችው መስታወት ፊት ቆሞ ጢሙን ሲላጭ፣ እናቱ ሳሎን ተቀምጠው ስለ እህቱ ስለ ብፅዓት ለሬዲዮ ጋዜጠኛዋ ሲዋሹ ሰማቸው። «ማንም አላስተማራትም» አሉ ወይዘሮ ወለቴ፣ ለመቅረጫው ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ከሆዴ ይዛው ነው የወጣችው። አባቷ በገናውን ሲደረድር በማህፀኔ ሆና ትገላበጥ ነበር። ኋላም ጣቷ ራሱ መንገዱን አገኘው።» ጋዜጠኛዋ ሶረቲ «እንዴት ደስ ይላል፣ አዮ!» አለች፤ እናቴ ለማለት። ምላጩ ከሠርፀ አገጭ ሥር ቆመ። «ማንም» የተባለው እሱ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እህቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አጠገቡ አስቀምጦ ጣቶቿን አንድ በአንድ አውታሩ ላይ ያሳረፈው፣ ጥፍሯን የከረከመው፣ ስትሳሳት በእርሳስ ጉልበቷን መታ መታ ያደረጋት እሱ ነው። ያኔ «ይኼን ሙሾ አቁሙልኝ፣ ራሴን ፈለጠኝ» እያሉ በር የሚዘጉት ደግሞ እኚሁ እናቱ ነበሩ። ወጥቶ «እማዬ፣ እኔስ?» ማለት ይችል ነበር። ነገር ግን አርባ አምስት ዓመት የሞላው፣ የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ የሆነ ሰው፣ ፊቱን ሳሙና ተቀብቶ ወጥቶ እንዲህ አይልም። አንዴ ብቻ ጠንከር አድርጎ ሳለ። የሳሎኑ ጨዋታ ግን አልተቋረጠም።

ቤቱ ጨለለቂ ሰፈር ያለ ባለ አራት ክፍል የጭቃ ቤት ነው፤ አባታቸው አቶ ዘነበ በቅየሳ ሥራ ከመንዝ ነቀምቴ መጥተው የሠሩት። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሁለት ትልልቅ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። አንደኛው የሟቹ የአቶ ዘነበ ነው። ሁለተኛው የብፅዓት ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ መድረክ ላይ፣ ከራሷ ቁመት በላይ የሆነ የፈረንጅ በገና፣ ሃርፕ የሚሉትን፣ ትከሻዋ ላይ አስደግፋ። አርባ ሰባት አውታር አለው። ሠርፀ አንድ ቀን ብቻውን ሲሆን ወንበር ላይ ወጥቶ ቆጥሮታል። የእሱ ፎቶ፣ ሲመረቅ የተነሳው ጉርድ፣ በዚያው በእህቱ ፎቶ ማዕዘን በኩል መስታወቱና እንጨቱ መሀል ተሰክቷል። ብፅዓት ሃርፑን ውጭ አገር ሄዳ ተምራ መጥታ ነው ወደ በገናው የተመለሰችው፤ የተመለሰችው ግን በጾም ወራት የሚደረደረውን ለመደርደር አልነበረም። ለበገና አዲስ ዜማ ትደርሳለች፤ ራሷ ከምትደርሰው ይልቅ ደግሞ ማንም የማያውቃቸው ሰዎች የደረሱትን እየፈለገች ትጫወታለች። ከደምቢ ዶሎም፣ ከጎንደርም፣ ከሐረርም የሚልኩላት አሉ። ሠርፀ ይኼን በሰማ ቁጥር፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ለሚያውቃቸው ሰዎች «በገና የዳዊት ነው፤ መሞከሪያ ማድረግ አይገባም» ይል ነበር። ሰዎቹም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በአፉ የሚለውን ግማሹን ያምንበታል፤ ቀሪው ግማሽ ምን እንደሆነ ግን ራሱም አይጠይቅም።

ጋዜጠኛዋ «ገለቶማ» ብላ አመስግና፣ ተመርቃ ስትወጣ፣ ብፅዓት መኝታ ቤት ውስጥ የበገናዋን ማኅደር ከፈተች። ትናንት ማታ ከአዲስ አበባ ስትገባ ደክሟት ሳታየው ነው የተኛችው። ሠርፀ በሩ ላይ ደረሰ። እህቱ ተንበርክካ፣ ሐኪም የታመመ እግር እንደሚዳስስ፣ የበገናውን ቀኝ ቋሚ በጣቷ ትዳስሳለች። ቋሚው ከላይ ከቀንበሩ ሥር ጀምሮ እስከ ቆዳው ድረስ ተሰንጥቋል። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ረዳቱ የበቆሎ ጆንያ ጭኖበት ነው። አላለቀሰችም፤ ብፅዓት ከልጅነቷም አልቃሻ አይደለችም። ሰዓቷን አየች። በገና የምትደረድርበት ዝግጅት በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

«ጋሼ፣ የአባባ በገና አለ አይደል?» አለች ቀና ብላ።

«አለ» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። የወጣው ሌላ ነው። «አርጆ ከተማ ነው ያለው» አለ። «ለመሪጌታ ቂርቆስ አውሼው። ከጥምቀት በፊት መጥቶ ወሰደው።»

ውሸቱ እንዲህ ስምና ቀን ይዞ፣ ተጣጥቦና ለብሶ መውጣቱ ራሱን ሠርፀን አስገረመው። በገናው በሚቀጥለው፣ በራሱ ክፍል፣ ከቁም ሳጥኑ በላይ፣ በቀይ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ከትናንት ወዲያ ነው አውታሮቹን ቅባት የቀባቸው። ወይዘሮ ወለቴ እርጎ የያዘ ብርጭቆ ይዘው ከኋላው ቆመዋል። ሐሙስ ሐሙስ የልጃቸውን ክፍል የሚጠርጉት እሳቸው ናቸው። ልጃቸውን አዩት፤ ቀበቶው ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ አዩት፤ ከዚያ ብርጭቆውን ለብፅዓት አቀብለው ምንም ሳይሉ ወደ ማድ ቤት ሄዱ። ከወንድ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ እናት ናቸው። ሴት ልጃቸው ነገ ትሄዳለች፤ እሱ ይቀራል። ይኼን ያህል ዘመን በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ እንዲህ ያለ ዝምታ በመካከላቸው ብዙ ተከምሯል።

«አርጆ ደርሶ መልስ…» አለች ብፅዓት፤ በልቧ እያሰላች። «አይሆንም። መንገዱም መንገድ አይደለም።» ከዚያ ተነሳች። «አናጢ እንፈልግ።»

ባጃጅ ይዘው ባኬ ጃማ ሰፈር ወዳለ ገለታ የሚባል አናጢ ዘንድ ሄዱ። የተሰበረውን በገና የተሸከመው ሠርፀ ነው፤ ሕፃን እንደ ታቀፈ ሰው ጭኑ ላይ አስተኝቶ። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ የሚያየው እሷን ነበር። አንዲት ሴት ባጃጇን አስቁማ አንገቷን አስግጋ «ብፅዓት! አካም ጂርታ! እንዴት ነሽ!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ ወደ ሠርፀ ዞራ «ወንድሟ ነህ መሰለኝ?» አለችው። በዚች ከተማ አርባ አምስት ዓመት ኖሯል። ልጅ ሳለ የቀያሹ የአቶ ዘነበ ልጅ ነበር፤ አሁን የብፅዓት ወንድም ነው። በሁለቱ መሀል ሠርፀ ብቻ ሆኖ የተጠራበት ዘመን ምን ያህል እንደነበር ሊቆጥረው ሞከረና ተወው። ሙጫ ለመግዛት ወደ ኢማን ሱቅ ጎራ አሉ። ኢማን ከወልቂጤ መጥታ ከባሏ ጋር ሱቅ የከፈተች፣ ሃያ ዓመት ደንበኛው የሆነች ሴት ናት፤ በነዚህ ሃያ ዓመታት አንድም ቀን አምስት ብር ቀንሳለት አታውቅም። ሙጫው መቶ ስልሳ ብር ነው። ብፅዓት ቦርሳዋን ስትከፍት ኢማን ሁለት እጇን አወናጨፈች፤ «ወላሂ አልቀበልም! በቴሌቪዥን አይቼሽ ለልጆቼ ይቺ የጎረቤታችን ልጅ ናት ብዬ ነው የተኩራራሁት!» አለች። ባለፈው ወር ሠርፀ ከዚሁ መደርደሪያ ይኼንኑ ሙጫ ሲገዛ፣ ዝርዝር የለኝም ብላ በመልሱ ክብሪት ነበር የሰጠችው። ትንሽ ነገር ነው፤ ሰው ቢነግሩት ይስቃል። ሠርፀን ግን እንደ እሾህ ወጋው፤ ወጋውና እዚያው ቀረ።

ገለታ ስንጥቁን በብርሃን አገላብጦ አየና ከንፈሩን መጠጠ። «ኦቦ ሠርፀ፣ ሙጫው ይዞ ማደር አለበት። ዛሬ አውታር ከወጠራችሁበት ጨርሶ ይከፈልና ያን ጊዜ ለማገዶ ነው።» ብፅዓት እንጨት ክምሩ ላይ ተቀመጠች። ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ እንደገና ደወለች። በሦስተኛው ሊድያ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በገና እንዳላት ተናገረች። ሠርፀ ይኼ ሁሉ ሲሆን ውስጡ ምን እንደሚሰማው ያውቀዋል። ደስታ አይደለም፤ ግን የደስታ ዘመድ ነው። የሚወደው ሰው ሲወድቅ አይቶ እጁን ለመዘርጋት የዘገየ ሰው የሚሰማው ዓይነት ነገር። የዘገየው ለቅጽበት ብቻ ነበር ብሎ ራሱን ያጽናናል። ቁልፉ ግን እስካሁን ቀበቶው ላይ ነው፤ ከአናጢው ቤት እስከ ቤታቸው በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይሞላም።

የሊድያ በገና ተማሪዎች የሚማሩበት ዓይነት ነው። አውታሩ የበግ አንጀት ሳይሆን ናይለን፤ አሥሩም አልተወጠሩም፤ ለመማሪያ የሚበቁት ስድስቱ ብቻ። በገና አሥር አውታር አለው፤ በልማድ ጣት የሚመታው ግን ሁሉንም አይደለም፤ አንዳንዶቹ ጣት ማረፊያ ናቸው። ተማሪዎች የማያስፈልጋቸውን ባዶ ይተዉታል። ብፅዓት ቤት ይዛው መጥታ ሳሎን ተቀምጣ ሞከረችው። ድምፁ ሳሳ ያለ ነው፤ ያ ከሆድ የሚወጣው እምምታ የለውም። ሠርፀ ምሳ እየበላ ጀርባዋን ያያል። አንዷን ዜማ ለስድስት አውታር አቃናቻት፤ ሌላዋን ቃኘችና ሆነችላት። አንድ ወረቀት ላይ ግን ብዙ ቆየች። ጣቷን በሌሉት አውታሮች ቦታ ላይ በአየር ላይ አንቀሳቀሰች፤ ራሷን ነቀነቀች፤ እርሳስ አንስታ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ሰረዘች። «ምኑን አስቀረሽ?» አላት። «አንዱን» አለች፤ ቀና ሳትል። ወይዘሮ ወለቴ የእሱን ሳህን ሳያዩ በእሷ ሳህን ላይ ወጥ ጨመሩ።

አዳራሹ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ነጭ የለበሱ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች፣ ከጴንጤው መዘምራን የመጡ ወጣቶች፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል ያቆሙ ሽማግሌዎች። ወይዘሮ ወለቴን ከፊት አስቀመጧቸው። ሠርፀ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። አጠገቡ ሐዊ የምትባል፣ ከጉቴ የመጣች የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ተቀምጣ እግሯን ታንቀጠቅጣለች። ሁለተኛው ዜማ የእሷ ድርሰት እንደሆነ ሳይጠይቃት ነገረችው። «ለብፅዓት በቴሌግራም ነው የላክሁላቸው። እኔ በገና አልችልም፤ ክራር ነው የምችለው። ይጥላሉ ብዬ ነበር። በሳምንቱ ደወሉልኝ። አንዲት ቦታ ላይ ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ደውለውልኛል፣ ይመኑኝ። ‹እዚህ ጋ ስህተት ነው ወይስ እንዲህ ፈልገሽው ነው?› ይላሉ። ስህተት ነው ስላቸው ‹እንግዲያው አንቺ አስተካክይው፤ እኔ የሰው አልነካም› አሉኝ።» ሠርፀ ፈገግ ለማለት ሞከረ። አሥራ አንድ ጊዜ። ለእሱ እህቱ በዓመት የምትደውለው ስንት ጊዜ ነው? ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ እናቱ ሲታመሙ። ይቺ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ፣ በገና ጨብጣ የማታውቅ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ተደወለላት። ቅናቱ ከእህቱ ላይ ተነስቶ ወደዚች ወደማያውቃት ልጅ ሲሸጋገር ተሰማው፤ እንደ ትኋን፣ ካንዱ አልጋ ወደ አንዱ።

ሐዊ የዝግጅቱን ወረቀት አቀበለችው። ከላይ «አዲስ ዜማ ለበገና» ይላል። ከሥሩ አምስት ስሞች ተደርድረዋል። ሠርፀ ያነበበው ለማንበብ አልነበረም፤ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ አጥቶ ነው። የመጨረሻው መስመር ላይ ደረሰ። «‹ቆርቆሮ› — ሠርፀ ዘነበ፣ ነቀምቴ» ይላል።

ሦስት ጊዜ አነበበው። «ቆርቆሮ»ን የደረሰው በሃያ አምስት ዓመቱ፣ አንድ ክረምት ላይ ነው። የነቀምቴ ዝናብ የቤታቸውን ጣራ ሌት ተቀን ሲቀጠቅጠው ከርሞ፣ አንድ ማለዳ ድንገት ሲያባራና ጠብታዎቹ አንድ በአንድ ሲቀሩ ሰምቶ። አሥሩንም አውታር የሚጠቀም ዜማ ነበር፤ ጣት ማረፊያ የተባሉትን ጭምር። ማንም እንደዚያ አያደርግም ነበር። በአውታር ቁጥር ደብተር ላይ ጻፈው። ለሰው አላሰማውም፤ ደብተሩም የለም። ካለመኖሩ የተነሳ እሱ ራሱ፣ ያን ዜማ የደረሰው ሌላ ሰው ይመስል፣ ረስቶት ነበር ማለት ይቻላል።

ብፅዓት ወጣች፤ ተጨበጨበላት። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ሰላምታ ሰጥታ ተቀመጠችና «አንድ ይቅርታ አለኝ» አለች። «በወረቀታችሁ ላይ መጨረሻ ያለውን ዜማ ዛሬ አልጫወተውም። በገናዬ መንገድ ላይ ተሰበረ። ይኼን ያዋሰችኝን ልጅ አመሰግናለሁ፤ ግን ያ ዜማ አሥር አውታር ይፈልጋል። ጎዶሎ አድርጌ ከማሰማችሁ ባላሰማችሁ ይሻላል።» ወደ ኋላ፣ ወደ በሩ አቅጣጫ አንዴ አየች። ከዚያ መጀመር ነበረባት፤ ጀመረች።

ሠርፀ የመጀመሪያውን ዜማ አልሰማውም። እንዲህ አሰበ። ቢቀመጥ ማንም አያውቅም። ወረቀቱ ነገ መጠቅለያ ይሆናል። ቢነሳ ደግሞ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከአርጆ በገና ይዞ የሚመለስ ሰው የለም፤ እህቱ ታውቃለች፣ እናቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም እያወቁ ያዩታል። ሁለተኛው ተጀመረ። ሐዊ አጠገቡ አፏን በእጇ ሸፍና፣ እንባዋ በጣቶቿ መሀል እየወረደ፣ የራሷን ዜማ ከሌላ ሰው እጅ ትሰማለች። ሠርፀ አያት። እግሩን ያነሳው ንስሐ አልነበረም፤ ይኼን ራሱም በኋላ ደብቆ አያውቅም። ያነሳው የዚች ልጅ ፊት ነው። የኔስ፣ የኔስ ለምን አይሰማም የሚል፣ የሕፃን የመሰለ ቁጣ ነው። ዜማው ሳያልቅ ወንበሩን አንኳኩቶ ወጣ።

በሩ ላይ ያገኘው ባጃጅ ሹፌር ቀነአ የሚባል፣ የሚያውቀው ሰው ነበር። «ጨለለቂ፣ ቶሎ፣ ደርሶ መልስ» አለው። «ሰው ታመመ እንዴ፣ ኦቦ ሠርፀ?» ብሎ ጠየቀው ቀነአ። «የለም፤ ዕቃ ረስቼ ነው።» እቤት ሲደርስ ቁልፉን ሁለቴ ጣለው። ወንበር ላይ ወጥቶ በቀዩ ብርድ ልብስ የተጠቀለለውን አወረደ። የበገናው ክብደት ክንዱ ላይ ሲያርፍ፣ ሌላ ውሸት ለመፈለግ አእምሮውን ፈተሸ፤ መሪጌታው ድንገት ከተማ መጣ ሊል ይችላል፤ መኪና ላይ ላከልኝ ሊል ይችላል። ጠዋት እንዲያ የተቀላጠፈው ምላሱ አሁን ደረቀ። በገናው ባጃጇ ውስጥ አልገባ ብሎ ቀንበሩ ወደ ውጭ ወጥቶ ሄደ፤ መንገደኛው ሁሉ እያየው።

ሲመለስ ብፅዓት አራተኛውን ጨርሳ እጅ እየነሳች ነበር። ሰው ለመነሳት ቦርሳውን ይሰበስባል። ሠርፀ በመቀመጫዎቹ መሀል ባለው መንገድ፣ በገናውን ታቅፎ፣ ወደ ፊት ሄደ። ያ መንገድ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። የፊተኛው መደዳ አጠገብ ሲደርስ እናቱ ሳይዞሩ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ፣ «አርጆ ዛሬ ቀርባ ዋለች» አሉ። አጠገባቸው ያሉት ሴቶች ምኑም ሳይገባቸው ሳቁ። ብፅዓት ከመድረኩ ጎንበስ ብላ ተቀበለችው። ብርድ ልብሱን ፈታች። አውታሮቹ ላይ ጣቷን ስታሳርፍ ቅባቱ ጣቷ ላይ ቀረ። አውታሮቹ ሥር የሚገቡት ቁርጥራጭ ቆዳዎች፣ በገናውን የሚያስነዝሩት፣ አዲስ የተቆረጡ ናቸው። ወንድሟን አየችው፤ አንድ ደብዳቤ አንብቦ ለመጨረስ የሚበቃ ጊዜ ያህል። ከዚያ ለሕዝቡ «ተቀመጡልኝ፤ መቃኘት አለብኝ» አለች።

ቅኝቱ አሥር ደቂቃ ወሰደ። መቃኛዎቹ ደርቀው ይንቋቋሉ። አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ «ሱታ፣ ኢንተላ ኮ፣ ሱታ» አሏት፤ ቀስ በይ ልጄ፣ እንደማለት። ሰው ሳቀ፤ ማንም ግን አልወጣም። ሠርፀ ወደ ኋላ መመለስ አልቻለም፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ከዚያ «ቆርቆሮ» ጀመረ። መጀመሪያ ሁለቱ ወፍራም አውታሮች ብቻ፣ አንድ ላይ፣ እንደ ከባድ ዝናብ ሳያቋርጡ። አዳራሹ ውስጥ ያለው እንጨት ሁሉ የሚያጉረመርም መሰለ። ሠርፀ የሚሰማው ለመደሰት አልነበረም፤ የቀየረችውን ለመያዝ ነው። የት ጋ አሳመረችው? የት ጋ የራሷን ጨመረች? ቢያገኝ፣ በኋላ ሰው ሲያመሰግነው «እሷ ናት ያስተካከለችው» ይል ነበር፤ ያንን ይዞ መቅናቱን መቀጠል ይችል ነበር። አላገኘም። መሀል ላይ፣ ሁለት የማይስማሙ አውታሮችን በድንቁርናው አጋጭቶ የጻፈበት ቦታ ላይ፣ ያንኑ ግጭት እንዳለ መታችው፤ ሳታፍርበት፣ ሳትሸፍነው። ከዚያ ጠብታዎቹ መጡ። አንድ። ቆይቶ አንድ። እነዚያ ጣት ማረፊያ የሚባሉት አውታሮች፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዝም እንዲሉ የተወጠሩት፣ አንድ በአንድ ተናገሩ። 

ጥሩ ነበር። ያ ነው ያንገበገበው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ቤቱ ሄዶ በሰላም ይተኛ ነበር። ሲጨበጨብ እህቱ እጇን ወደ እሱ ዘረጋች፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው፤ ሐዊ ከኋላ ቆማ ታጨበጭባለች። ሠርፀ ጎንበስ አለ። ዓይኑ እናቱን ፈለገ። ወይዘሮ ወለቴ ወደ ፊት እያዩ፣ መድረኩን ብቻ እያዩ፣ ያጨበጭባሉ።

ከአዳራሹ ሲወጡ ፀሐይ ገና አልገባችም። ወይዘሮ ወለቴን የጎረቤት ሴቶች ይዘዋቸው ቀድመው ሄዱ። ብፅዓት ፎቶ የሚነሱትን፣ ስልክ ቁጥር የሚጠይቋትን፣ በብጫቂ ወረቀት ዜማ የሚያቀብሏትን ሁሉ አስተናግዳ ስትጨርስ፣ ሠርፀ በገናውን ይዞ ከአንድ የጽድ ዛፍ ሥር ይጠብቃት ነበር። ወደ ግቢው በር አብረው ተራመዱ። 

«ቀንቼ ነው» አለ በመጨረሻ። ይኼን ቃል ጮክ ብሎ ለሰው ሲናገር በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው።

«አውቃለሁ» አለች። «የአርጆውን አልጠይቅህም፣ ጋሼ። ከፍቶኛል፣ ግን አልጠይቅህም። እኔ ልጠይቅህ የምፈልገው ሌላ ነው። ለምን ተውከው? ከዚያ በኋላ ምንም አልጻፍክም።»

ለዚህ ጥያቄ ሃያ ዓመት የተለማመደው መልስ ነበረው። አባባ ሞተ፤ እማዬን ማን ያያታል፤ አንቺን ማን ያስተምራል፤ ደሞዝ ያስፈልግ ነበር። ሰው ሁሉ ያመነለት፣ ግማሹም እውነት የሆነ መልስ ነው። አፉን ከፈተ፤ ያ መልስ ግን እንደ ጠዋቱ ውሸት አልታዘዘለትም።

«አሥራ አራት ዓመትሽ ነበር» አለ። «አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በሩ ጋ ሰማሁት። ‹ቆርቆሮ›ን ትጫወቺ ነበር። እኔ አላስተማርኩሽም፤ ከግድግዳው ወዲያ ሆነሽ ሰምተሽ ነው የያዝሽው። ከእኔ አብልጠሽ ነበር የምትጫወቺው። እኔ የደረስኩት ዜማ እንዴት መሆን እንዳለበት ከአንቺ ሰማሁት። ያን ቀን ማታ ደብተሩን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። አንቺ ሕፃን ነበርሽ፣ ብፄ። ሕፃን ላይ ነው የቀናሁት።»

ብፅዓት ቆመች። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ተማሪዎች እየተሳሳቁ ያልፋሉ፤ ባጃጆች «መርካቶ! መርካቶ!» ይላሉ። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ሠርፀ ቁጣ ቢያይ ይሻለው ነበር።

«ሦስት ሳምንት ተደብቄ ነው የተለማመድኩት» አለች ቀስ ብላ። «አንተ ሥራ ስትሄድ። መምጫህን ጠብቄ ነበር በሩን ገርበብ አድርጌ የጀመርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ።»

ሠርፀ ያን ቀን አሁን እንደገና እያየው ነበር፤ የበሩን መገርበብ፣ ከውስጥ የሚመጣውን ድምፅ፣ በረንዳው ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ሲፈታ።

«ደስ ብሎኝ ነበር» አለ። «ጫማዬን እስካወልቅ ድረስ።»